ስድስት ሜትር ከአርባ

እንቁላሉ ድስቱ ውስጥ እየተንተከተከ ሳለ የአባቷ ድምፅ በወጥ ቤቱ መስኮት ገባ። ግቢው ውስጥ፣ ስምንት ቀን ሙሉ ጠብታ ካልወጣው ቧንቧ አጠገብ ቆመው ለጎረቤታቸው ለባለ ላውንደሪዋ እያስረዱ ነበር። «ስድስት ሜትር ከአርባ» አሉ፣ እያንዳንዷን ቃል ረገጥ እያደረጉ። «የትናንት ጠዋት ንባብ ነው። በስድስት ሜትር ከአርባ ጀልባ ቀርቶ መርከብ ይንሳፈፋል።» ባለ ላውንደሪዋ እንግዲያውስ የምንሳፈፍበትን የጎማ ከመነዳሪዬን ላስነፋ ብላ እየሳቀች ወጣች። ወጥ ቤት ያለችው ልጃቸው ጭልፋውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ስድስት ሜትር ከአርባን የወለደቻት እሷ ናት። ትናንት ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች፣ አባቷ እንደ ሁልጊዜው «ዛሬስ ስንት ገባ?» ብለው ሲጠይቋት ከራሷ አፍልቃ የሰጠቻቸው ቁጥር ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሐይቁ ዳር የቆመው የውሃ መለኪያ ምሰሶ እግሩ ውሃ ካጣ አምስት ሳምንት አልፎታል። ዛሬ ደግሞ እሁድ ነው፤ አባቷን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰው በሚኒባስ ተጭኖ ሐይቁ ላይ ሊዝናና ነው።

የቤት ስሟ ትንሿ ነው። አርባ አንድ ዓመት ሞልቷት፣ ሽበቱ ከግንባሯ በላይ ብቅ ብሎ፣ የንባብ መነጽር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ እንኳ የመጨረሻ ልጅ ናትና ትንሿ እንደተባለች ቀርታለች። የምትሠራው የከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ነው። በየማለዳው ሐይቁ ዳር ያለው ልኬት አንባቢ ስልክ ይደውላል፤ ቁጥሩን ይነግራታል፤ እሷ በትልቁ መዝገብ ላይ ታሰፍራለች። በዚያ አንባቢ ቦታ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩት ደግሞ አባቷ ናቸው። ሰፈሩ ጋሽ ሜትር ይላቸዋል። ማዕበሉ እስኪተኛ ጠብቀው ሦስት ጊዜ የሚያነቡ፣ ሦስቱ ካልተስማሙ አራተኛ የሚያነቡ ሰው ነበሩ። አንድ ጊዜ ትልቅ እንግዳ ሊመጣ ነው ተብሎ አንድ ሥራ አስኪያጅ አሥር ሴንቲ ጨምረው እንዲጽፉ ቢለምናቸው፣ «እርስዎ ገብተው አሥር ሴንቲ ውሃ ይጨምሩበትና እጽፈዋለሁ» ብለው መልሰውለታል። ከዚያ ወዲህ እድገት የሚባል ነገር የውሃ ሽታ ሆኖባቸው በገቡበት ደረጃ ጡረታ ወጡ። ይህን ታሪክ ሰፈሩ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ያላወቀም ካለ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ይነግረዋል።

ውሸቷ የተጀመረው አባቷ በሳንባ ምች ተይዘው የተኙ ሰሞን ነው። አፋቸው እህል አልቀምስ ካለ አራት ቀን ሆኖት ነበር። በዚያው ሳምንት ውስጥ ሐይቁ ከአንድ ሜትር በላይ ወረደ። ሾርባውን ይዛ አልጋቸው ጫፍ ላይ ስትቀመጥ ቁጥሩን ጠየቋት፤ እሷም ያላሰበችው ከአፏ አመለጣትና አንድ ሜትር ጨምራ ነገረቻቸው። ፊታቸው ፈካ፣ ሾርባውንም ጠጡ። ለዚያች ምሽት ብቻ ነበር ያሰበችው። ነገር ግን በማግስቱ ያንን ሜትር ከየት አምጥታ ታጉድል? የሠላሳ አንድ ዓመት አንባቢ ናቸው፤ ሐይቅ በአንድ ሌሊት አንድ ሜትር እንደማይወርድ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በቀን ሁለት ሴንቲ፣ ነፋስ የበዛ ቀን ሦስት ሴንቲ እየቀነሰች መንገር ጀመረች። የእሳቸው ልጅ አይደለች? ውሸቷ እንኳ በሥርዓት የተያዘ ነበር። አንዱን መዝገብ ቢሮ፣ ሌላውን ጭንቅላቷ ውስጥ እየሞላች ሰባት ወር አለፈ። የቢሮው ሐይቅ ሲደርቅ የእሷው ሐይቅ ስድስት ሜትር ከአርባ ላይ ቀረ።

ጉዳቱ በዚህ ቢቆም ምን ነበረበት። መሥሪያ ቤቱ ውሃ በስምንት ቀን አንዴ የሚመጣው በጥገና ምክንያት ነው ብሎ ለሕዝብ ተናግሯል፤ በመዝገብ ክፍሉ በር ላይም ቁጥር ከዚህ እንዳይወጣ፣ ያወጣ ከሥራ እንደሚሰናበት የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሰፈሩ ለመሥሪያ ቤቱ ቃል ጆሮ ዳባ ልበስ ካለ ቆይቷል፤ የሚያምነው ጋሽ ሜትርን ነው። እሳቸውም በር ላይ ወንበራቸውን አውጥተው፣ ሐይቁ ደህና ነው፣ ችግሩ የፓምፕ ነው፣ ፓምፕ ደግሞ ይጠገናል እያሉ ሲያጽናኑ ከረሙ። ከተማውን ለቅቀው ሊሄዱ ዕቃ ያሰሩ ሁለት ቤተሰቦች በእሳቸው ቃል ዕቃቸውን ፈቱ። ልብስ ሰፊው ሊገዛ ያሰበውን የውሃ ታንከር ትቶ አዲስ የስፌት መኪና ገዛ። ባለ ላውንደሪዋማ የባሰባት ናት። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ በሰው ቤትና በሆቴል የሰው ልብስ ስታጥብ የኖረች ሴት፣ ባጠራቀመችው ሁሉ ሁለት ማጠቢያ ማሽን ገዝታ መንገዱ ዳር ያለችውን ክፍል ተከራየች። ከመፈራረሟ በፊት መጥታ ጋሽ ሜትርን ጠይቃቸዋለች፤ ትንሿ ያኔ ጓዳ ውስጥ ሆና ሰምታለች። ማሽኖቹ ዛሬም ላስቲካቸው አልተነሣም። ውሃው መጥቶ ሊከፈቱ ቀን ይጠብቃሉ።

ሐይቅ እንሂድ ያለው ልብስ ሰፊው ነው። ሰዉ በአቧራና በባልዲ ሰልፍ ቆሽቱ አርሯል፤ ከተማው ውሃ ቢነፍገን ሄደን ባለበት እናየዋለን አለ። ሁሉም አዋጣ፣ ሚኒባስ ተያዘ። ባለ ላውንደሪዋ ዕድሜዋን ሙሉ እጇ ከውሃ ሳይወጣ አንድ ቀን እንኳ ሰውነቷን ውሃ ላይ አስተኝታ አታውቅምና፣ ከጎሚስታ ቤት አሮጌ የመኪና ከመነዳሪ ለምና አምጥታ ነበር፤ ሰዉ በዚሁ ሲቀልድባት ነው የሰነበተው። ትንሿ ሳምንቱን ሙሉ ያልሞከረችው የለም። የአባቷን ጉልበት አነሣች፤ ጉልበቴ ከተጎዳ ወዲህ ሐይቄን ሳላይ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ዛሬ ብሞት አልቀርም አሉ። ፀሐዩን አነሣች፤ ባርኔጣ አለኝ አሉ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ እንቁላሉን ከድስቱ እያወጣች ልቧ ቆርጦ፣ ሳትወጡ ልንገራችሁ ልትል ወደ ግቢ ወጣች። አባቷ የመሥሪያ ቤቱ አርማ ያለበትን አሮጌ ባርኔጣ በእርጥብ ጨርቅ አጽድተው፣ ካናቴራቸውን ወደ ሱሪያቸው አስገብተው፣ ፂማቸውን በአንድ ብርጭቆ ውሃ ተላጭተው በር ላይ ቆመዋል። ሲያዩዋት፣ ቆንጆ ሆኜ የለም ወይ በሚል ዓይን አዩዋት። እንቁላሉን ፌስታል ውስጥ አስገብታ ዳቦውን ልትቆርጥ ተመለሰች።

ሚኒባሱ ውስጥ ሰዉ እንደ ሠርገኛ ደምቋል። አባቷን ከሹፌሩ ጎን አስቀመጧቸው፣ እሷ ከኋላቸው ተቀመጠች፣ ባለ ላውንደሪዋ የተነፋውን ከመነዳሪ የኋላ ወንበር ላይ አቅፋ መተላለፊያውን ዘጋችው። ልብስ ሰፊው ውሃ ውስጥ ስትገቢ ሐይቁ ሞልቶ ከተማውን እንዳያጥለቀልቅ አደራ እያለ ያስቃል። ነዳጅ ማደያው ላይ ሲቆሙ አንድ ሊትር የታሸገ ውሃ ከአንድ ኪሎ ሙዝ በልጦ ሲሸጥ አዩ። ሻጯ ትናንት ከዚህም ይረክስ ነበር፣ ነገ ደግሞ አላውቅም አለቻቸው። ልብስ ሰፊው፣ ተዪው እኛ ከምንጩ ልንጠጣ ነው የምንሄደው አላት። ሹፌሩ ነዳጅ እስኪያስሞላ ትንሿ ወረደችና ባለ ላውንደሪዋን ለብቻዋ ጠጋ አለቻት። «ላውንደሪውን ለጊዜው ብታቆይው...» ብላ ጀመረች። ባለ ላውንደሪዋ ግን ሐሳቧን እስክትጨርስ አልጠበቀችም፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ለሰፈሩ በነፃ ላጥብ ነው፣ የጋሼን አንሶላ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ፣ እሳቸው ባይሉኝ መች እደፍር ነበር አለቻት። ትንሿ የጀመረችውን ዋጠችው። ሚኒባሱ ጡሩምባውን ነፋ።

ከከተማው ከወጡ በኋላ መንገዱ ግራና ቀኙ ግራጫ ነበር። የታረሰ የመሰለው ሁሉ አቧራ ነው፤ ዛፎቹ ቆመው እንዳሉ ደርቀዋል። ሰዉ ወሬውን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄደ። አባቷ አንገታቸውን ወደ ኋላ አዙረው፣ የላዩን አትዩ፣ የሐይቅ ነገር ሌላ ነው፣ ጥልቅ ነው፣ በአንድ ድርቅ አይበገርም እያሉ ያስረዷቸዋል። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄዱ ወደ ሐይቁ የሚገባው ወንዝ ድልድይ ላይ ደረሱ። ወንዝ አልነበረም። ድንጋይና አሸዋ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ የተጣለ የበር መቀርቀሪያ የሚያህል ቀጭን የደረቀ የጭቃ መስመር ብቻ ነበር። አባቷ ድልድዩ እስኪያልቅ በመስኮቱ ተመለከቱ። ከዚያ ከአንገታቸው ዘንበል ብለው፣ ማንም እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት።

«ስድስት ከአርባ ነው ያልሽኝ፣ ትንሿ?»

እዚያ ላይ ነበር መናገር የነበረባት። አባቷ ሚኒባሱን አስቁመው፣ ጉልበቴን አመመኝ ብለው፣ ሰዉን መልሰው ይዘው በሄዱ ነበር፤ ነገሩም ሌላ ቀን ሌላ ቦታ ይበርድ ነበር። ኋላ ስታስበው ከሰባት ወር ውሸት ሁሉ የሚቆጠቁጣት ይኸኛው ነው። «አዎ አባባ» አለች፣ «ስድስት ከአርባ።» አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁና ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። ለሹፌሩም፣ ይህ ወንዝ ቢደርቅ ከሥር የሚገቡ ምንጮች አሉ ብለው ነገሩት።

የመዝናኛው በር ላይ ትኬት ቆራጩ አለ። ዳስ ውስጥ ጋዜጣ ፊቱ ላይ አድርጎ ተኝቶ ነበር፤ የመኪና ድምፅ ሲሰማ ብድግ ብሎ ዓይኑን ማመን አቃተው። ጋሽ ሜትርን ሲያይማ ጭራሽ ግራ ገባው። እጃቸውን በሁለት እጁ ጨብጦ ጤናቸውን ጠየቃቸው፣ ከዚያም ምን ሊያዩ መጡ አላቸው። ልንዝናና ነዋ አሉት። ወደ ሐይቁ ዞሮ አንድ ጊዜ አየ። ትኬቱን ግን ቆረጠ፤ ያለ ትኬት ማንም አይግባ የሚል ትእዛዝ አለበት፣ ትእዛዙን የሻረ የለም። ሰሌዳው ላይ «ጀልባ» የሚለው ዋጋ በኖራ ተሰርዟል። «ዋና» የሚለውም እንዲሁ። መግቢያ ብቻ ቀርቷል። ባለ ላውንደሪዋ ከመነዳሪዋን በር ላይ እያሾለከች፣ ጀልባው ተበላሽቶ ይሆናል አለች።

ከካፍቴሪያው ጀርባ ሲዞሩ አዩት። ወንበሮቹ እንደ ድሮው በረድፍ ተደርድረው ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረዋል፤ ጃንጥላዎቹ ተዘርግተዋል፤ ከወንበሮቹ ፊት ያለው ግን ዓይን እስኪደክም የተሰነጣጠቀ ነጭ መሬት ነው። ዳክዬ የሚመስሉት የፔዳል ጀልባዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተጋድመው ቀለማቸው ተልጦ ፀሐይ ላይ ቀርተዋል። የመዋኛው መሰላል ከመድረኩ ወርዶ፣ ወርዶ፣ አየር ላይ አልቋል። ሩቅ፣ ከኮረብታው ሥር፣ የሳህን ጠርዝ የምታህል ቡናማ ነገር ታበራለች። ውሃው እሱ ነው። የዓሣ አጥንት ሽታ አለ። ልብስ ሰፊው አንድ ቀልድ ሊጀምር አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ባለ ላውንደሪዋ ከመነዳሪውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

አባቷ ከመድረኩ ሲወርዱ እጃቸውን ልትይዝ ሮጠች፤ ሰጧት። ቅርፊቱ ከእግራቸው ሥር እየተሰበረ ወደ ምሰሶው ሄዱ። መለኪያው ምሰሶ ከላይ እስከ ታች ራቁቱን ቆሟል፤ ጥቁርና ነጭ መስመሮቹ፣ ከአሥራ ሁለት እስከ ዜሮ፣ ሁሉም ይነበባሉ። ከዜሮው በታች ደግሞ ውሃ ውስጥ ሳለ ታይቶ የማያውቀው የሲሚንቶ እግሩ ወጥቷል፤ የሠራው ሰው በጣቱ የጻፈው ዓመተ ምሕረት አለበት። አባቷ በቀስታ ጎንበስ ብለው የሲሚንቶውን እግር በመዳፋቸው ነኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያነቡት እግሩን አይተውት አያውቁም። ሲሚንቶው ላይ የተጣበቀው የውሃ ሣር እጃቸው ላይ እንደ አመድ ተፈረፈረ። ቀና ሳይሉ ጠየቋት።

«መቼ ነው?»

አምስት ሳምንት ሆኖታል አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ቢሮው የሚለካው ከማዶ፣ ጥልቁ ጋ፣ በገመድና በእርሳስ መሆኑን፣ የቀረው ውሃ ለከተማው ሁለት ወር እንደማይሞላ፣ ጥገና የሚባል ነገር እንደሌለ ነገረቻቸው። ሾርባውን ልትነግራቸው ጀምራ፣ ሰበብ መስሎ ስለታያት ተወችው። አባቷ እስከ መጨረሻው ሰሟት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በወደደች። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ቁጥሩን ማን ማን ያውቃል አሏት። መሥሪያ ቤቱ ብቻ አለች። አውጥተሽ መናገርሽ ቢሰማስ አሏት። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አነሣችላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ባርኔጣቸውን አውልቀው አርማውን አንድ ጊዜ አዩትና መልሰው አጠለቁት። ከኋላቸው ሰዉ በአንድና በሁለት እየሆነ በቅርፊቱ ላይ ሲመጣ ይሰማ ነበር።

መጀመሪያ የደረሰችው ባለ ላውንደሪዋ ናት። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛዋለች፤ ውሃው ጋ ስትደርስ ልትገባበት ነበርና ከመኪናው ስትወርድ ነው ያወለቀችው። ምሰሶውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ቁጥር ማንበብ ታውቃለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ጋሽ ሜትር መለሰች።

«ጋሼ፣ ያውቁ ነበር?»

ልብስ ሰፊው ቆመ፣ ሌሎቹም ቆሙ። ትንሿ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ሥራዋ መጣባት፣ የቤት ኪራዩ፣ የአባቷ መድኃኒት፣ ይህ ሰፈር፣ ነገ ጠዋት ከበሯ ስትወጣ የሚጠብቃት የሰው ዓይን። ይህን ሁሉ ያሰበችው በአንዲት ትንፋሽ ውስጥ ነው፤ አባቷ ግን ለመልሱ ያንን ትንፋሽ ያህል እንኳ አልፈለጉም።

«አውቅ ነበር» አሉ።

«ስድስት ሜትር...»

«ከራሴ ነው የነገርኋችሁ። ሰዉ እንዳይደናገጥ ብዬ ነው። ልጄ ቁጥር ነግራኝ አታውቅም፣ መሥሪያ ቤቱ ስለሚከለክል ጠይቄያትም አላውቅም።» ይህን ሲሉ ባለ ላውንደሪዋን ዓይን ዓይኗን እያዩ ነው፤ ንባብ እንደሚያነቡ ሁሉ ቃላቸው አልተወላገደም።

ማንም አልጮኸባቸውም። ቢጮሁባቸው አንድ ነገር ነበር። ልብስ ሰፊው፣ እኔ እኮ ታንከሩን የተውኩት ብሎ ጀምሮ አልጨረሰውም። ዕቃቸውን ፈትተው ከቀሩት ቤተሰቦች አንዷ ሴት እጇን አፏ ላይ ጭና ወደ ካፍቴሪያው ተመለሰች። ባለ ላውንደሪዋ እዚያው ቆማ ቀረች። አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም፤ ጫማዎቿን አንድ በአንድ አድርጋ፣ ማሰሪያቸውን አጥብቃ አሰረች፣ ከዚያም «ይሁን ጋሼ» ብላ ሄደች። አባቷ ሰዉ እስኪርቅ ጠበቁ። ትንሿ እያለቀሰች፣ አባባ ለምን፣ ለምን እንዲህ ይላሉ አለቻቸው። ክንዷን ያዙ፤ ለመደገፍ እንጂ ለማጽናናት አልነበረም።

«እኔ ከእነዚህ ሰዎች ጋር የቀረኝ ጊዜ ትንሽ ነው» አሉ። «አንቺ ግን ገና ብዙ ትኖሪያለሽ።»

ምሳው ተበላ። ለመጣበት ገንዘብ ተከፍሏል፣ ሹፌሩም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልመለስም ብሏል፤ ስለዚህ አሥራ አንዱ ሰው ፊቱን ወደ ደረቀው መሬት አዙሮ ወንበሮቹ ላይ ተቀመጠና እንቁላሉን ላጠ። ካፍቴሪያው ውስጥ ከሙቅ ለስላሳ በስተቀር የሚሸጥ አልነበረም። አባቷ አጠገብ ያሉት ሁለት ወንበሮች ባዶ ቀሩ፤ ማንም አውቆ የሸሻቸው አይመስልም፣ ሁሉም ብቻ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ተገኘ። እንቁላላቸውን ልጣ ጨው ነስንሳ ስትሰጣቸው ተቀብለው በጉልበታቸው ላይ ባለው ሶፍት ላይ አስቀመጡት፣ አልበሉትም። ሩቅ ያለችውን ቡናማ ውሃ በዓይናቸው ይለኳት ነበር። ትኬት ቆራጩ መጥቶ አጠገባቸው ቆመና፣ ይህ ምሰሶ በሚመጣው ወር ለብረቱ ሲባል ሊነቀል ነው አላቸው። ጥሩ ብረት ነው አሉት።

ወደ ሚኒባሱ ሲመለሱ ባለ ላውንደሪዋ የከመነዳሪውን ክዳን ከፈተችው። አየሩ እየተነፈሰ ሊያልቅ አልቻለም፤ ሹፌሩ ሞተር አስነሥቶ ሲጠብቅ፣ ሰዉ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሲሰማ፣ እሷ በጉልበቷ እየተጫነች እስከ መጨረሻው አስወጣችው፣ ከዚያም አጣጥፋ ከወንበሩ ሥር ከተተችው። አባቷ እንደ ጠዋቱ ከሹፌሩ ጎን ገቡ። የሚያወራቸው አልነበረም። ሹፌሩ እንኳ፣ ነገሩ የእሱ ባይሆንም፣ የሰዉን ሁኔታ አይቶ መንገዱን ብቻ ያያል። ትንሿ ከአባቷ ኋላ ያለውን ቦታዋን ትታ ወደ ኋላ አለፈችና ከባለ ላውንደሪዋ ጎን ተቀመጠች። ድልድዩን እስኪያልፉ ጠበቀች። የአባቷን ጀርባ፣ አሮጌውን ባርኔጣ፣ ባርኔጣው ሥር የወጡትን ነጫጭ ፀጉሮች ታያለች። ከሥራ ብባረርም ልባረር፣ ሰዉ ፊቱን ቢያዞርብኝም ያዙር አለች በሆዷ። በሕይወቷ እንዲህ ቆርጣ አታውቅም።

«እኔ ነኝ የዋሸሁት» አለች። «አባባ አያውቁም ነበር። ቁጥሩን በየምሽቱ የምነግራቸው እኔ ነኝ፤ ሰባት ወር ሙሉ ከራሴ እየፈጠርኩ ነው የነገርኳቸው። ሐይቁ መድረቁን ያወቁት ዛሬ፣ ከእናንተ ጋር ነው።»

ባለ ላውንደሪዋ ረዥም ጊዜ አየቻት። በሳሙና የተላጠው እጇ መጥቶ የትንሿን ጉልበት ደባበሰ።

«ተይ የኔ እናት» አለቻት። «አባት ነው፣ ይገባኛል። እኔም ለአባቴ እንዲሁ አደርግ ነበር።»

«እውነቴን ነው። ማሽኖቹን የገዛሽው በእኔ ውሸት ነው። ከፈለግሽ ቢሮ ሄደሽ ክሰሺኝ፣ ግን እሳቸውን...»

«ጋሼ በገዛ አፋቸው፣ ዓይኔን እያዩ አውቅ ነበር ብለውኛል» አለች ባለ ላውንደሪዋ፣ ሳትቆጣ፣ ሕፃን እንደምታባብል። «እሳቸው ደግሞ ያልሆነ ነገር ሆነ ብለው አያውቁም።»

ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከፊት ያሉት ልብስ ሰፊውና አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ሰምተው ኖሮ ትንሿን ዞር ብለው አዩዋት፤ ዓይናቸው ላይ ያለው ቁጣ አልነበረም፣ እዝነት ነበር፤ ምን ያለች ልጅ ናት፣ ምን ያሉ አባት ናቸው የሚል። ትንሿ ደግማ ልትናገር ፈለገች፣ በምን ቃል እንደሆነ ግን አጣችው። የመዝገቡን ገጽ ልታወጣ፣ ቀኑን ልትጠራ፣ ሾርባውን ልታነሣ አሰበች። ሁሉም ከንቱ ነበር። ማንም አያምናትም፤ ጋሽ ሜትር ተናግረዋላ።